ከልጆቻችን ጋር ለማረፍ የመረጥናት ደሴት

ዕረፍት ማለት ሥራ ፈቶ መቀመጥ ብቻ አይደለም። የደከመ ሰው ተኝቶ ይነሣል፤ የደከመ ቤተ ሰብ ግን አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋር ረጋ ብለው ካልተነጋገሩ በቀር በእንቅልፍ ብቻ አያርፍም። ጌታችንም ሐዋርያቱ ከስብከት ድካም በተመለሱ ጊዜ ሰው ወደማይበዛበት ስፍራ ለብቻቸው ሊያሳርፋቸው እንደ ወደደ በወንጌል ተጽፎ እናገኛለን። ወደ ገበያ አልወሰዳቸውም።

ይህን የምናነሣው ስለ ራሳችን ቤት ጥቂት ለመናገር ነው። የበኵር ልጃችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ፈጽሞ በመስከረም ወር ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ሩቅ አገር ሊሄድ ተቈርጦ ነበር። በውጭ አገር በሥራ የሚኖረው የባለቤታችን ታላቅ ወንድም ይህን በሰማ ጊዜ፥ «ልጁ ሳይለያችሁ ጥቂት ቀን ከባሕር አጠገብ አብራችሁ ክረሙ» ብሎ በመምህር ደመወዝ የማይታሰበውን ወጪ በራሱ ቻለው። ቦታውንም ሲሸልስ ብሎ ወሰነልን፤ ከደሴቶቹ መካከል መምረጥን ግን ለእኛ ተወልን።

ሲሸልስ በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ የምትገኝ፥ 115 ደሴቶች ያሏት አገር ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ግዛት ነጻ ወጣች። ልጆች ላሉት ሰው ታላቅ ነገር የሚሆነው ወባ የሌለባት መሆኗ ነው። ቪዛ አትጠይቅም፤ ነገር ግን አስቀድሞ የጉዞ ፈቃድ ማውጣት፥ ከአገራችን ለሚሄድም የቢጫ ወባ ክትባት ወረቀት መያዝ ግዴታ ነው።

በቤታችን ጉባኤ ተደረገ። የበኵር ልጃችን ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያ ያለችባትን ማሄን መረጠ። ከአገሩ ሕዝብ አብዛኛው የሚኖርባት፥ ሆቴሉና ገበያው የደራባት እርሷ ናት። አንዳንዶቹ ሆቴሎች ልጆችን ቀኑን ሙሉ የሚያጫውቱ ሰዎች እንዳሏቸው አንብቦ ነገረን። ባለቤታችን ግን እስኪጨርስ ዝም ብላ ሰምታ፥ «ልጆቼን ሌላ ሰው የሚያጫውትልኝ ከሆነ፥ እኔ የማያቸው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠ አልነበረም።

ቀጥሎ ፕራስሊንን አሰብን። በዚያች ደሴት ላይ ከዕፀዋት ሁሉ ትልቁን ዘር የምታፈራው ኮኮ ደ ሜር የተባለችው ዘንባባ የሞላባት ቫሌ ደ ሜ የምትባል ሸለቆ አለች። አንዱ ፍሬ ከ15 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ እስኪበስልም ስድስትና ሰባት ዓመት ይፈጃል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. ሸለቆዋ በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1879 ዓ.ም. ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር ለመነጋገር ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ የነበረው እንግሊዛዊው ጎርዶን ፓሻ በ1881 ዓ.ም. ይህችን ሸለቆ አይቶ፥ ገነት በዚህ ነበረች፤ ዕፀ በለስም ይህች ዘንባባ ናት እስከ ማለት ደረሰ። ይህ የእርሱ ግምት ነው እንጂ የመጻሕፍት ቃል አይደለም። ሆኖም ለልጆቻችን ስንነግራቸው ታናሺቱ ልጃችን፥ «እባቡስ አሁንም አለ?» ብላ ሁላችንን አሳቀችን። ፕራስሊንን ለአንድ ቀን ጕብኝት አቈየናት።

የመረጥናት ሦስተኛዪቱን፥ ላ ዲግን ነው። ስፋቷ 10 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የአውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ከፕራስሊን በጀልባ ሩብ ሰዓት ትወስዳለች። መኪና ጥቂት ስለ ሆነ ሰው ሁሉ በብስክሌት ይሄዳል። ለወላጅ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ፥ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የልጁን እጅ ጨብጦ የሚሻገር ሁሉ ያውቀዋል።

ጊዜውን መምረጥም ቦታውን ከመምረጥ አያንስም። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ቀን ይፈታል፤ ጾመ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ይገባል፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል ሄድን። የላ ዲግ ሕዝብ አብዛኛው ካቶሊክ ሲሆን፥ የእመቤታችንን ዕርገት በእኛ ነሐሴ 9 ቀን በታላቅ ደስታ ያከብራል፤ በዚያን ጊዜ ከሌሎቹ ደሴቶች ሰው ይጎርፍባታልና ጸጥታ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ወይም ዘግይቶ ቢሄድ ይሻለዋል። ማደሪያችንም ወጥ ቤት ያለው ትንሽ ቤት ነበረ። የራስ ምድጃ ወጪን ይቀንሳል፤ ረቡዕና ዓርብንም ያለ ችግር ያስጾማል።

ደጋ ያደገ ልጅ ባሕርን አያውቅምና በዚህ ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በዚያ ወራት ከደቡብ ምሥራቅ ኃይለኛ ነፋስ ይነፍሳል። ስለዚህ በዚያ ወገን ያለው ግራንድ አንስ ለዓይን ውብ ቢሆንም፥ ውስጥ ውስጡን ወደ ጥልቁ የሚስብ ፈሳሽ አለበትና ከዳር ቆመን አየነው እንጂ አልገባንበትም። በምዕራብ ያለው አንስ ሱርስ ዳርዣን ግን ማዕበሉን ከሩቅ የሚሰብር የዛጎል ድንጋይ ቅጥር ስላለው ውሃው ጸጥ ያለና እስከ ጕልበት የሚደርስ ነው። ከዚያው አጠገብ እንደ ድንጋይ የከበዱ ታላላቅ ኤሊዎች ይጠበቃሉ። በመጀመሪያው ቀን የእናቷን ቀሚስ ይዛ ያለቀሰችው ታናሺቱ ልጃችን በአራተኛው ቀን ውሃ ውስጥ ተቀምጣ ዓሣ ትቈጥር ነበር።

የበኵር ልጃችን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አኵርፎ ነበር፤ የሚታይም የሚሰማም የለም ይል ነበር። በሦስተኛው ቀን ማታ ብስክሌታችንን እየገፋን በባሕሩ ዳር ስንመለስ፥ እናቱና ታናናሾቹ ወደ ፊት ቀድመውን ሳሉ፥ «አባባ፥ እኔ ስሄድ እማዬን ማን ያጽናናታል?» አለን። ልጁ የሚጨነቀው ስለሚሄድበት አገር ይመስለን ነበር፤ እርሱ ግን ትቶት ስለሚሄደው ቤት ይጨነቅ ነበር። ከዚያ ምሽት በኋላ በየማታው ብዙ ተነጋገርን፤ ስለ ትምህርቱም፥ ስለ ጸሎቱም፥ ስለ ጓደኛ ምርጫም። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ጊዜ አግኝተን አናውቅም። ደወልና የፈተና ወረቀት የመምህርን ዘመን እንዴት እንደሚበሉት፥ መምህር የሆነ ያውቀዋል።

ውድ አንባብያን ሆይ፤ ሲሸልስ ለሁሉ እንደማይቻል እናውቃለን፤ ለእኛም ያለ ዘመድ ቸርነት ባልተቻለ ነበር። ነገር ግን መመዘኛው በየትም ያው ነው። በዝዋይ ሐይቅ ላይ ያለችው ደብረ ጽዮን ደሴትም ብትሆን፥ የአያቶች መንደርም ቢሆን፥ አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ ልጆች ያለ ፍርሃት የሚሮጡበት ነውን? ውሃው ታናሹን ይችላልን? ማታ ሲሆን የአንዱ ድምፅ ለሌላው ይሰማልን? ከሦስቱ አንዱን መተው ግድ ቢሆን እንኳ፥ ሦስተኛውን አትተዉ። ልጅ ልቡን የሚከፍትበትን ሰዓት ማንም አስቀድሞ አያውቀውምና፥ በዚያች ሰዓት አጠገቡ ሆኖ መገኘት ለወላጅ ይበቃዋል።