አሸዋው ይሂድ

ፎቶዬን አይታችሁ «ለምለሙ ዛፍ ምን አድርጎህ ነው?» ያላችሁኝ ስለበዛችሁ እዚሁ ልመልስ።

በአሽዶድና በአሽቀሎን መካከል፣ በኒጻኒም የባሕር ዳር አሸዋ ላይ ከበጎ ፈቃደኞች ጋር የምንቆርጠው ዛፍ በዕብራይስጥ ሺታ ካህላህላ ይባላል። የግራር ዘመድ ነው፤ አገሩ ምዕራብ አውስትራሊያ። እንግሊዞች እዚህ በሚያስተዳድሩበት ዘመን በነፋስ የሚሄደውን አሸዋ እንዲያቆም ተተከለ። አቆመው። ጣጣው የመጣውም ከዚያ ነው። የዚህ አሸዋ እንሽላሊቶችና የሌሊት አይጦች የለመዱት ገላጣና የሚንቀሳቀስ አሸዋ ነው፤ ሲረጋባቸው ቦታውን ለሌላ ይለቃሉ። በዚያ ላይ የዛፉ ሥር ናይትሮጅን እየሰበሰበ አሸዋውን ያዳብረዋል። ለገበሬ ልጅ መሬት መዳበሩ ምርቃት ነው። እዚህ ግን ያልዳበረውን አሸዋ የለመደው ያገሩ ተክል በመጤ አረም ይዋጣል። ከሰሜን አሜሪካ የመጣው ሄትሮቴካ የተባለው አረምም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የገባው አሸዋ ያዝ ተብሎ ነበር።

የእኛን አፋር አስቡ። ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ዛፍ በረሃማነትን ይከላከል ተብሎ ተተከለ፤ ዛሬ በአዋሽ ሸለቆ የግጦሽ መሬቱን ወርሶታል። ይኸው ሺታ ራሱ ትግራይ ውስጥ ለአፈር ጥበቃ ተተክሏል። እዚያ ላይ አልፈርድም፤ የተራቆተ ተዳፋትና የባሕር ዳር አሸዋ አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ሥራው። ዛፉን ቆርጦ መሄድ ዋጋ የለውም፤ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ እንደተቆረጠ ወዲያው ጉቶው ላይ መድኃኒት ይቀባል፤ ይህን ለባለሙያዎቹ እንተዋለን። ማቃጠልማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆይና እሳት ሲነካው ይነቃል። ገበሬ አንደኛ አረም፣ ሁለተኛ አረም እንደሚለው፣ የጸዳው ቦታ በየዓመቱ መታረም አለበት።

የበጎ ፈቃደኛ ችግርም እዚህ ላይ ነው። መጋዝ ያለበት ቀን ሰው ይጎርፋል፤ ግንድ ሲወድቅ ይጨበጨባል፣ ፎቶ ይነሳል። ወፍ ዘራሽ ነቀላ ሲባል ስልክ የሚያነሳ ይጠፋል። እኔ ብጠየቅ ጽዳቱን የሚወስነው ሁለተኛው ቀን ነው እላለሁ። ጣና ላይ እምቦጭ በእጃቸው የጎተቱት ገበሬዎች ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ያጸዱት ዳርቻ ተመልሶ ሲሸፈን አይተዋል።

እዚህ ዝናቡ የሚጥለው በብርድ ወራት ነው፤ አሸዋው ሲርስ ቡቃያው ከነሥሩ ይመዘዛል። ከአሽዶድም ከአሽቀሎንም የምትመጡ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጓንትና ውኃ ያዙ። መጋዝ አያስፈልግም።