አጭሩ መብራት

እሁድ፣ ኦክቶበር 26 ቀን 2025

የክረምቱ ሰዓት ዛሬ ገባ፤ ሰዓቱ ወደ ኋላ ተመለሰ። እዚህ እስራኤል 17፡00 ሳይሞላ፣ በእኛ አቆጣጠር ገና 11 ሰዓት ሳይሆን፣ ፀሐይ ባሕሩ ውስጥ ጠለቀች። ቢሮ ለሚውል ሰው ይህ ብዙም ላይሰማው ይችላል። በሞተር ምግብ ለሚያደርስ ልጅ ግን ከዛሬ ጀምሮ ሥራው ሁሉ ጨለማ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

የእህቴ ልጅ ሥራ ከመግባቱ በፊት ብቅ ብሎ ከጃኬቱ ኪስ ትንሽ ካርቶን አወጣ። ኤልኢዲ አምፖል ነው። «አጎቴ፣ እስቲ ይግጠሙልኝ። ፓናሱ (የፊት መብራቱ) አያሳየኝም። ወደ ባርኔዓ ሰፈር ስሄድ ጉድጓዱን የማየው ከገባሁበት በኋላ ነው» አለኝ። ካርቶኑ ላይ 20,000 ሉመን የሚል በትልቁ ተጽፏል። ስኩተሩ ይዞት የመጣው አምፖል በአጭሩ መብራት 525፣ በረጅሙ 825 ሉመን ገደማ ነው የሚሰጠው። ኤች4 የሚባለው የመኪና አምፖል እንኳ 1000 እና 1650 ቢሆን ነው። ከአንዲት ጣት ከማታክል አምፖል 20,000 የሚጠበቅ አይደለም፤ ይህን የጻፈ ሰው ለገዢው አላሰበም። መጀመሪያ ያለውን ልየው ብዬ ካርቶኑን ተቀበልኩት።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 30

ልጁ ዛሬ ሥራ የለውም። የስኩተሩን ፊት ፈትቼ አሮጌውን አምፖል አወጣሁ። ኤችኤስ1 የሚባለው ዓይነት ነው፤ 12 ቮልት፣ ለአጭሩም ለረጅሙም 35 ዋት። መስታወቱ በጣት አይነካም፤ የእጅ ቅባት ከቀረበት ሲግል እዚያው ላይ ይበላሻል። በንጹሕ ጨርቅ ይዤ ልጁን ወደ መስኮቱ ጠራሁት።

ውስጡ ሁለት ቀጫጭን ክሮች አሉ። ከአንደኛው ሥር እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ያለች ትንሽ ብረት አለች። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እሷ ናት። አጭሩ መብራት ሲበራ ብርሃኑ ወደ አንጸባራቂው የታችኛው ግማሽ እንዳይሄድ ትከልላለች። የላይኛውን ግማሽ ብቻ የመታው ብርሃን ተመልሶ የሚወርደው አስፋልቱ ላይ ነው። ከፊት የሚመጣው ሰው ዓይኑ የሚተርፈው በዚህ ነው። ረጅሙ ሲበራ ሌላኛው ክር ያለ ከለላ ይበራል፤ አንጸባራቂውም በሙሉ ይሠራል።

ልጁ የገዛው አምፖል ክር የለውም። በጠፍጣፋ ብረት ግራና ቀኝ ቺፖች ተለጥፈውበታል። አንጸባራቂው ግን የተቀረጸው ክሩ ለሚቀመጥባት ቦታ ነው። ቺፑ ከዚያች ቦታ ጥቂት ፈቀቅ ካለ ወይም ከክሩ ከወፈረ፣ ብርሃኑ መስመሩን ስቶ ወደ ላይም ወደ ጎንም ይበተናል። ነጂው ጎማው ሥር ቦግ ሲልለት አጥርቶ ያየ ይመስለዋል። ዓይኑ ግን የቅርቡን ብርሃን ለምዶ ሩቁ ይጨልምበታል። ሰው የሚቆመው ደግሞ ሩቁ ላይ ነው።

የመኪና ኤች4 አምፖልን ጥርሱን በሞረድ ፍቀው እዚህ የሚከቱም አሉ። 60 ዋት ለ35 በተሠራ ሽቦና ሶኬት ሲያልፍ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ይህን ለልጁ ከማንም ጋር እንዳይሞክረው አጥብቄ ነገርኩት።

እሁድ፣ ኖቬምበር 2

ከትናንት ጀምሮ እስከ ማርች 31 ከከተማ ውጪ የሚሄድ መኪና ቀንም መብራት ያበራል፤ የአገሩ ሕግ ነው።

የቮልት መለኪያ ቴስተሬን ይዤ ወረድኩ። ሞተሩ ተነሥቶ ባትሪው ላይ 14 ቮልት ገደማ ይነበባል። አምፖሉ ሶኬት ላይ ስለካው 12 እንኳ አልሞላም። በመንገድ ላይ የጠፋው ቮልት ትንሽ ይመስላል፤ ለሃሎጅን አምፖል ግን ብዙ ነው። ቮልቱ አሥር በመቶ ሲቀንስበት ከብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይጠፋል። ልጁ «አያሳየኝም» ያለው እውነቱን ነበር።

ጥፋቱ የባሕሩ ጨው ነው። አሽኬሎን ውስጥ የበረንዳ ብረት የሚበላው፣ የመስኮት ማጠፊያ የሚያደርቀው ያው ጨው ነው። የመሬት ሽቦው ከሻንሲው ጋር የታሰረበትን ብሎን ስፈታ ሥሩ አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል፤ የሶኬቱ እግሮችም ጠቁረዋል። በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ እስኪያብለጨልጩ አጸዳሁ፤ እንደገና አስሬ እርጥበት እንዳይገባ ግሪስ ቀባሁበት። ደግሜ ስለካ ሶኬቱ ከባትሪው የሚለየው በትንሹ ብቻ ሆነ።

ከዚያ ወደ ፊቱ ሽፋን ሄድኩ። መስታወት ይባላል እንጂ ፕላስቲክ ነው፤ የበጋው ፀሐይ ቢጫ አድርጎታል፣ አሸዋውም አጭሮታል። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራስኩ ፈተግኩት፣ ከዚያም ወለወልኩት። የፀሐይ መከላከያ ቅብ ካልተቀባ ግን ቶሎ ተመልሶ ቢጫ ይሆናል፤ ብዙ ሙሳክ (ጋራዥ) ይህችን ይዘላታል።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

ሲመሽ ግቢያችን ውስጥ ካለው ሚክላት (የቦምብ መጠለያ) ግድግዳ 10 ሜትር ርቀን ስኩተሩን አቆምነው። የፓናሱን መሐል ቁመት ለክቼ ግድግዳው ላይ በዚያው ቁመት ፕላስተር ለጠፍኩ፤ ሌላ ደግሞ 10 ሳንቲሜትር ዝቅ አድርጌ። የአጭሩ መብራት የላይኛው ጠርዝ ማረፍ ያለበት ታችኛው ላይ ነው።

መጀመሪያ ማንም ሳይቀመጥበት አየነው፤ ጠርዙ ልክ ነበር። ልጁ ተቀመጠበት፤ ጠርዙ ከፍ አለ። የምግብ ሳጥኑ ውስጥ የውሃ ካርቶን ጨምረን ስንጭንበት የላይኛውን ፕላስተር አልፎ ወጣ። ኋላው ሲዘቅጥ ፊቱ ቀና ይላል። ይህ ልጅ ትእዛዝ በጫነ ቁጥር የአጭሩን መብራት ሰው ዓይን ውስጥ እየከተተ ነበር የሚነዳው፤ የሚነግረውም ሰው አልነበረም። እሱ እንደተቀመጠ፣ ሳጥኑም እንደተጫነ ብሎኑን አዙረን አወረድነው።

አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ጎረቤቴ እማማ ምን እንደምንሠራ ጠየቁ። ስነግራቸው «ያ ነጩ መብራት ሲመጣብኝማ ቆሜ እቀራለሁ ልጄ፤ እግሬ የት እንዳለ አላውቅም» አሉ። እዚህ ሺምሾን ሰፈር ውስጥ እንደሳቸው ያለ ሰው ብዙ ነው። ዓይን ሲያረጅ ሌንሱ ይደምናል፤ የገባበት ብርሃን ውስጡ ይበተናል፤ ከነጸብራቅ በኋላ ለማየት የሚወስድበት ጊዜም ይረዝማል። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ብርሃን ደግሞ ይብስበታል። ወጣት ዓይኑን ጨፍኖ ከፍቶ የሚያልፈውን እሳቸው መንገድ መሐል ቆመው ይጠብቁታል።

ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1984 ከኢትዮጵያ ወደ ሱዳን የተጓዙበትን አነሡ፤ ቀን ጫካ ተደብቀው፣ በሌሊት ያለ አንዳች መብራት ሲሄዱ። ልጁ መፍቻውን ይዞ ቆሞ ሰማቸው። ከእናቱ ወገን ያለውንም የሱዳን መንገድ ጠየቀኝ፤ የማውቀውን ነገርኩት።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

አዲስ አምፖል ገዛንለት፤ ያው 35 ዋት ሃሎጅን፣ አንገቱ ላይ በክብ ውስጥ የላቲን «E» ፊደልና ቁጥር የተቀረጸበት። ምልክቱ በአውሮፓው ደንብ ተፈትኖ ማለፉን ያሳያል። በዚያው ዋት ይበልጥ ያበራሉ የሚባሉት የመደመር ምልክት ያላቸው ሃሎጅኖችም አሉ። እነሱ በእርግጥ የተሻለ ያበራሉ፤ ዕድሜያቸው ግን አጭር ነው፣ ለሌሊት ሠራተኛ አልመክራቸውም።

ኤልኢዲን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ከፋብሪካው ለኤልኢዲ ተብሎ የተሠራ ፓናስ ያላቸው አዳዲስ ሞተሮች ግሩም ያሳያሉ። ጀርመንም ከ2020 ጀምሮ አንዳንድ የኤልኢዲ አምፖሎችን በአሮጌ ፓናስ ውስጥ እንዲገቡ ፈቅዳለች፤ የፈቀደችው ግን አምፖሉ ከዚያ ሞዴል ፓናስ ጋር አብሮ ተፈትኖ ካለፈ ብቻ ነው። ትክክለኛው አሠራር ይህ ይመስለኛል። የልጁ ካርቶን ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ለሻጩ መለሰው።

ትናንት ማታ እስከ ባርኔዓ ነድቶ ደወለልኝ፤ ጉድጓዱን ከሩቅ አይቶ አልፎታል። በተረፈው ገንዘብ አንጸባራቂ ፕላስተር ገዝቶ ሳጥኑን በአራቱም ጎን አስለበሰው። ከሁሉ ደስ ያለኝ ይኸኛው ነው። መታየትም የመብራት ያህል ነው፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሞተረኛን የሚመታው አብዛኛውን ጊዜ «አላየሁትም» የሚል ባለ መኪና ነውና።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 19

ነገ የስግድ በዓላችን ነው። ማልደን ወደ ኢየሩሳሌም እንወጣለን፤ እማማንም ይዘናቸው እንሄዳለን።

የልጁ ሁለት ጓደኞች ስኩተራቸውን ለእሁድ ቀጥረውኛል። አንደኛው ቴስት (የተሽከርካሪ ምርመራ) ደርሶበታል፤ እዚያ የመብራቱን ቁመት በመሣሪያ ስለሚያዩት ከዚያ በፊት ግድግዳው ላይ መሞከር ይፈልጋል። የሁለተኛው ሶኬት ቀልጧል። አዲስ ሶኬት፣ ወፈር ያለ ሽቦ፣ ሪሌና ፊውዝ ዓርብ ሱቅ ሳይዘጋ መግዛት አለብኝ።