ምስክር ያለው ምግብ

ለቤታችን አትክልት በምንገዛበት ጊዜ ሻጩ፥ «ይህ ጎመን የፋብሪካ ማዳበሪያ አልነካውም» ይለናል። ቃሉን አንንቅም፤ ነገር ግን እውነትነቱ በዓይን አይታይም፥ በምላስም አይለይም። ስለዚህ እርሻውን መርምሮ የሚመሰክር ሌላ ሰው ያስፈልጋል።

ስለ ኦርጋኒክ እርሻ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 488 በ1998 ዓ.ም. በአገራችን ታውጇል፤ ይሁን እንጂ ምስክር ወረቀት ያገኘው ሰብላችን በይበልጥ ወደ ውጭ አገር የሚላከው ቡና ነው። ምክንያቱም የባሕር ማዶ ገዥ ወረቀቱን ይጠይቃል። በአሜሪካ ሕግ መሠረት፥ ሰብሉ ከመሰብሰቡ በፊት መሬቱ የተከለከለ ማዳበሪያና መድኃኒት ሳይነካው 3 ዓመት መቆየት አለበት። የመርማሪው ወጪም ለአንድ ገበሬ ከባድ ስለ ሆነ፥ የቡና ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ሆነው ይካፈሉታል።

በኬንያ፥ በዩጋንዳና በታንዛንያ ግን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ «ኪሊሞሃይ» የተባለ የጋራ ምልክት ስላለ፥ ሸማቹ በገዛ አገሩ ገበያ ምልክቱን አይቶ ሊገዛ ይችላል።

እኛም ስለ ዋጋ ከመከራከራችን በፊት ምስክሩን መጠየቅ፥ ከተገኘም ብልጫውን ሳናጉረመርም መክፈል ይገባናል። በአገር ገበያ ጠያቂ የሌለው ወረቀት፥ ጎመን ለሚያመርተው ገበሬ ትርፉ ወጪ ብቻ ነውና።