ክብር በምን ይመዘናል?

ደብረ ማርቆስ ላይ የደጋውን ውርጭ ሳይፈሩ ማለዳ በአስፋልቱ ዳር የሚሮጡ ልጃገረዶችን ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። ከእነዚህ አንዷ ነገ ለአገሯ ብታሸንፍ፣ ስሟ በክብር መዝገብ የሚሰፍረው በምን ሚዛን ተመዝና ይሆን?

የዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ማኅበር በ2012 እ.ኤ.አ. 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር የዝና መዝገብ አቋቁሞ ነበር። ለዚህ ክብር የሚታጭ ሰው ቢያንስ 2 የኦሎምፒክ ወይም የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ያገኘ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረ፣ ውድድር ካቆመም 10 ዓመት የሞላው መሆን አለበት ተባለ። በ1960 በሮም፣ በ1964 በቶኪዮ ሁለቱንም ጊዜ ክብረ ወሰን እየሰበረ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ በዚያው ዓመት ገባ። በ1948 በለንደን፣ የሁለት ልጆች እናት ሳለች 4 ወርቅ ያገኘችው ሆላንዳዊቷ ፋኒ ብላንከርስ ኩንም ገባች።

መስፈርቱ ግልጽ ነው፤ ለዘመድ አያደላም። ደራርቱ ቱሉን በዚሁ ብንመዝናትስ? በ1992 በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር አሸንፋ፣ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። በ1998 ወለደች። በ2000 በሲድኒ ያንኑ ርቀት ደግማ አሸነፈች፤ በ2001 ደግሞ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በዚህ ርቀት ክብረ ወሰኑን ከ1993 እስከ 2016 ይዛ የቆየችው ግን ቻይናዊቷ ዋንግ ጁንሺያ ናት፤ እሷም መዝገቡ ውስጥ ገብታለች። መስፈርቱ ሰዓት ይቆጥራል እንጂ ከአራስ ቤት ተነሥቶ ዳግመኛ ማሸነፍን አይቆጥርም።

ነገሩ የሯጮች ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ምስጉን ሠራተኛ ሲመረጥ ታዝቤአለሁ። ነጥብ ከሚያሰጡት አንዱ ዓመቱን ሙሉ ከሥራ አለመቅረት ነበር። አንዲት ባልደረባችን ያን ዓመት ወልዳ ነበር። ከወሊድ ፈቃዷ እንደተመለሰች ጨቅላዋን ለእናቷ እየተወች፣ በምሳ ሰዓት እየሮጠች እያጠባች፣ የተከማቸውን ሥራ በ2 ወር ጨረሰችው። የፈቃዷ ቀኖች ግን እንደ መቅረት ተቆጥረው ከዕጩዎቹ ዝርዝር ወጣች። ኮሚቴው አላዳላም፤ በወረቀቱ ላይ ያለውን ነው የደመረው። ጥፋቱ ወረቀቱ ሲዘጋጅ እናትን ያሰበ ሰው አለመኖሩ ነበር።

መስፈርት ይቅር ማለቴ አይደለም፤ መስፈርት ከሌለ ክብር የአፈ ጮሌና የባለ ዘመድ ይሆናል። ስለዚህ እህቶቼ፣ በመሥሪያ ቤትም ሆነ በወላጆች ኮሚቴ ተሸላሚ ሲመረጥ፣ ስም ከመጠራቱ በፊት መስፈርቱ እንዲነበብ አድርጉ። የወሊድ ፈቃድ እንደ መቅረት ይቆጠራል ወይ? ብላችሁ ጠይቁ። ከምርጫ በኋላ የሚቀርብ ቅሬታ ምቀኝነት ይመስላል፤ አስቀድሞ የተጠየቀ ግን ደንብ ሊሆን ይችላል።