የጎዳ ሸንተረር፣ የአንድ ቀን የእግር መንገድ

ጎዳ በጅቡቲ፣ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በስተሰሜን ምዕራብ የሚነሣ፣ ከጥንት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ ተራራ ነው። ከፍታው ከ1,700 ሜትር ጥቂት ያልፋል። ይህ ቁጥር ደጋ ላይ ላደገ ሰው ምንም አይደለም፤ አዲስ አበባ ራሷ ከጎዳ ጫፍ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ነገር ግን የጎዳ ግርጌ ባሕር ነው። በስተምዕራብ ደግሞ ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ዝቅ ያለው፣ ከአፍሪካ ምድር ሁሉ ዝቅተኛው የአሳል ሐይቅ ተኝቷል። ከ4,500 ሜትር በላይ በሆነው የራስ ዳሽን መንገድ ሰውን የሚፈትነው ብርዱና የአየሩ መሳሳት ነው። ጎዳ ላይ ቀኑን የሚወስኑት ውኃና ሰዓት ናቸው።

ከጅቡቲ ከተማ ወደ ተራራው የሚወስደው መንገድ ባሕረ ሰላጤውን በምዕራብ በኩል ይዞራል። መጨረሻው ኮረኮንች ስለሆነ ጠንካራ መኪና ይፈልጋል። የአገሩ የዕረፍት ቀናት ዓርብና ቅዳሜ ናቸው፤ ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት ወጥቶ ተራራው ላይ ማደር ያዋጣል። በዚያው ቀን ደርሶ በዚያው ቀን ሸንተረር ለመሄድ የሚነሣ ሰው መንገዱን የሚጀምረው ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ነው።

የመንገዱ እጅግ ውብ፣ እጅግም አሳዛኝ ክፍል የዴይ ደን ነው። ከ1939 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ይታወቃል። ዛፉ በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን አጸድ የሚታየው ያው ጥድ ነው፤ ወይራም አብሮት ይገኛል። በዚህ በረሃ መካከል ጥድ ሊበቅል የቻለው ከባሕር የሚነሣው እርጥበት ተራራው ላይ ጉም እየሆነ ስለሚያርፍ ነው። ዛሬ ግን አብዛኛው ጥድ ቆሞ የደረቀ ነው። የከብት ግጦሽ፣ የእንጨት ቆረጣ፣ የዝናብና የጉም መቀነስ በምክንያትነት ይነሣሉ፤ አንዱን ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ ያስቸግራል። በዓለም ላይ በጅቡቲ ብቻ የሚገኝ አንድ የቆቅ ዝርያ የሚኖረው እዚህና በአጎራባቹ የማብላ ተራራ ነው፤ ለሳይንስ የታወቀው በ1952 ሲሆን ዛሬ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች ይቆጠራል። ለእግረኛው የደኑ መድረቅ ቀጥተኛ ትርጉም አለው፤ በአሮጌ ካርታ ላይ አረንጓዴ የተቀባው ቦታ ሁሉ ጥላ ይሰጣል ብሎ ማሰብ አይቻልም።

ከደኑ ሲወጣ ሸንተረሩ ይገለጣል። አየሩ ከጠራ በስተደቡብ ጉቤት አል ኸራብ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ በኅዳር 1978 ምድር ተሰንጥቃ ቅልጥ አለት የፈሰሰበት አርዱኮባ ይታያል። እይታው የሚያቆም ነው፤ መቆም ግን ውኃ ያስወጣል። በ1892 ስኮትላንዳዊው ዊልያም ናይስሚዝ ያወጣው የተራራ ጉዞ ጊዜ ስሌት ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት ይመድባል። በዚህ ሒሳብ 600 ሜትር ዳገት ያለው 15 ኪሎ ሜትር 4 ሰዓት ይፈጃል። ስኮትላንድ ግን ቀዝቃዛ አገር ነው። በሚንከባለል ድንጋይ ላይ፣ በሐሩር፣ 6 ሰዓት ማለት ይሻላል። እንግዲህ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ከሸንተረሩ ለመውረድ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ በባትሪ መነሣት ግድ ነው።

ነፋሱ አታላይ ነው፤ ላብን ቶሎ ስለሚያደርቅ ሰውነት ምን ያህል ውኃ እንዳጣ አይታወቅም። ለአንድ ሰው 5 ሊትር መያዝ ብዙ አይደለም። አንድ ጨዋማ ነገርም አብሮ ይያዛል፤ ባዶ ውኃ ብቻ መጠጣት ራሱን የቻለ ችግር ያመጣል።

ያለ አፋር መሪ መሄድ ከድፍረት ይልቅ አላዋቂነት ነው። ከ1991 ጀምሮ በመንግሥትና በአፋር አማፅያን መካከል የተካሄደው ጦርነት እነዚህን ተራሮች ነክቷል፤ በ1994 የሰላም ስምምነት የተፈረመው ከአማፅያኑ ከፊሉ ጋር ነበር። ስለዚህ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው አብሮ መሄዱ ይጠቅማል። ከሁሉ በላይ ግን መሪው ዳጉ ያውቃል። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ የትኛው ጉድጓድ እንደደረቀ፣ የት እንደዘነበ የሚታወቀው ከዚያ ነው። የሚቸኩል እንግዳ ይህን ጊዜ ማባከን አድርጎ ይቆጥረዋል።

ከተራራው በታች ባለው ሜዳ ሌሎች እግረኞችም አሉ፤ ወደ ኦቦክ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግረው ወደ የመን የሚያመሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች። እነርሱ መሪም በቂ ውኃም የላቸውም፤ በመንገድ ላይ በጥም የሞቱ ብዙዎች ናቸው። ስለ ጎዳ የሚጻፍ ነገር ይህን ዘልሎ ማለፍ የለበትም።

ቁልቁለቱ ወደ ባንኳሌ ሸለቆ ያደርሳል። እዚያ በሶማሊያ፣ በየመንና በጅቡቲ ብቻ የሚበቅል ረጅም ዘንባባ አለ። ሰማዩ ከጠቆረ ግን የሸለቆው ወለል ላይ ድንኳን አይተከልም፤ ተራራው ላይ የዘነበ ዝናብ በድንገት ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል።

ለዚህ መንገድ የሚመቹት ወራት ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ናቸው። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ የጅቡቲ ከተማ ሙቀት 40 ዲግሪ በሚያልፍበትና ኻምሲን የተባለው ትኩስ ነፋስ በሚነፍስበት ጊዜ፣ ረጅሙን ሸንተረር መሞከር አይገባም።