«ለሁሉም ይድረስ»

ጓዶች፥

ከንቅናቄያችን ታሪክ የወረስነው አንድ እምነት አለ፤ መልእክት በብዙ ቅጂ በተሰራጨ ቁጥር ይጠነክራል የሚል። በ1966 ዓ.ም. መገባደጃ «ዴሞክራሲያ» እና «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» በአዲስ አበባ በስውር ከእጅ ወደ እጅ መዘዋወር ሲጀምሩ፥ አንዲት ቅጂ አንድ ተጨማሪ አንባቢ ማግኘቷ ራሱ ድል ነበር። እኛም ይህን እምነት ሳንመረምር ተሸክመነው ዴንቨር ገባን። ያደረሰውን ጉዳት በግለ ሂስ መልክ እናቀርባለን።

ባለፈው ጥር የአንድ ጓዳችን እናት አገር ቤት አረፉ። የደወሉልን ዘመድ ሽማግሌ አሰባስበን እንድናረዳው አደራ አሉን። ለቅዳሜ ንጋት ተቀጣጠርን። ሐሙስ ሌሊት ግን የሟቿን ስም ጠቅሰን የማስተዛዘኛ ገንዘብ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ጻፍን። ያንኑ ጽሑፍ፥ አንዲት ቃል ሳንለውጥ፥ አባዝተን ለዕድሩ፥ ለቤተ ክርስቲያኑ፥ ለተማሪዎች ማኅበርና በኦሮራ ለሚገኙ የሀበሻ ሱቆች አደልን። በትጋታችንም ኮራን።

መርዶ በባህላችን ነጋሪ አለው። ወዳጅ ዘመድ ማልዶ በር የሚያንኳኳው ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሰማ፥ ሲወድቅም የሚደግፈው ክንድ እንዳይታጣ ነው። ጓዳችን ግን ዓርብ ማታ ዳውንታውን ካለው ሥራው ወጥቶ፥ በ15 ቁጥር አውቶቡስ የኮልፋክስን ጎዳና ይዞ ኦሮራ ደረሰ፤ እንጀራ ሊገዛ በገባበት ሱቅ የእናቱን ስም ግድግዳ ላይ አነበበ። ወንበር ያቀረበችለት ባለሱቋ ናት። እኛ አልነበርንም።

ጉዳቱ በዚህ አላበቃም። በሦስት ማኅበር ያለ ሰው ሦስት ጊዜ ተጠየቀ፤ አንዳንዱ ደጋግሞ ሰጠ፥ ሌላው «በዚያኛው በኩል ይሰጣል» እየተባለ ሳይሰጥ ቀረ። ዕድሩና ቤተ ክርስቲያኑም ሳይነጋገሩ ለአንድ ለቅሶ ሁለት አዳራሽ ተከራዩ።

ስሕተታችን ከምን መነጨ? በራሪ ወረቀት የሚጻፈው ለማናውቀው ሕዝብ ነው። እዚህ ግን የምንጽፈው በስም ለምንተዋወቅ ጥቂት ሰዎች ነው። አባቶቻችን ደብዳቤ ሲጽፉ «ይድረስ ለ» ብለው የተቀባዩን ስም ያስቀድሙ ነበር። እኛ «ለሁሉም ይድረስ» ብለን፥ መጨረሻ መድረስ በነበረበት ሰው ዘንድ ቀድሞ እንዲደርስ አደረግን፤ ያውም በግድግዳ።

ስለዚህ አስቀድሞ ባለጉዳዩ ይስማ። ለአንድ ማኅበር የሚበቃውን በአራቱ አንበትን። ለብዙዎች መላክ ግድ ሲሆን ለእያንዳንዱ በስሙ እንጻፍ፤ ለእነማን ጭምር እንደላክን እንግለጽ፤ መልሱን የሚቀበል አንድ ሰው እንሰይም።

በአርባው ጓዳችንን ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። «ስሟን ሳታሳስቱ ጽፋችኋል» አለን፤ ሌላ አልተናገረም። ይህን ጽሑፍም ለአዘጋጆቹ ከመላካችን በፊት ለእርሱ ሰጠነው። ሁለት ቀን አቆይቶ፥ «ይውጣ» ብሎ መለሰልን።