የ42 ዓመቱ ጀማሪ

በቤዝቦል ጨዋታውን የሚያስጀምረው ወርዋሪው ነው። ከ18 ሜትር ተኩል ገደማ ሆኖ ይወረውራል፤ ዱላ የያዘው ለማሰብ ግማሽ ሴኮንድ እንኳ አያገኝም። ሙያው ሁሉ በአንድ ክንድ ላይ የቆመ ስለሆነ ወርዋሪ ቶሎ ያረጃል። ሳቸል ፔጅን ግን የአሜሪካው ትልቁ ሊግ ያስገባው በ42 ዓመቱ ነው፤ ያውም «ጀማሪ» ብሎ።

* * *

እ.ኤ.አ. በ1906 በአላባማዋ ሞቢል ተወለደ። አወራወርን በወጉ የተማረው በስርቆት ተይዞ በገባበት የልጆች ማረሚያ ቤት ነው። በ1926 እየተከፈለው መጫወት ጀመረ፤ ቆዳው ጥቁር ነውና ከጥቁሮች ቡድኖች ጋር። ከዚያ በኋላ ያሉት 22 ዓመታት ለነጮቹ ሊግ እንዳልነበሩ ናቸው።

* * *

ጣሊያን በወረረን ሰሞን ስማችን በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ የክብር ስም ነበር። በዚያው ዘመን ከማያሚ የተነሣ አንድ የጥቁሮች ቡድን «ኢትዮጵያን ክላውንስ» (ኢትዮጵያውያን ቀልደኞች) ተባለ። ተጫዋቾቹ ፊታቸውን ቀለም ተቀብተው፣ አፍሪካዊ የሚመስል የፈጠራ ስም ይዘው ተመልካች ያስቁ ነበር። ከጥቁር ጋዜጠኞች መካከል አጥብቀው የተቃወሙ ነበሩ። በ1943 ከጥቁሮቹ ሊጎች ወደ አንዱ ሲገቡ «ኢትዮጵያን» የሚለው ቀረ፤ «ክላውንስ» ግን አልቀረም። ፔጅም በስተርጅናው፣ በ1967፣ ከዚሁ ቡድን ጋር ዞሯል። ተጫዋቾቹን አልወቅስም፤ እንጀራቸው ነበር። ትኬት ቆርጦ የገባው ሰው ምን ታይቶት እንደሳቀ ግን ብጠይቀው ደስ ይለኝ ነበር።

* * *

በ1938 ፔጅ ሜክሲኮ ሳለ ክንዱ ከዳው፤ አበቃለት ተባለ። የጥቁሮቹ ቡድን ካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ቢያንስ ስሙ ሰው ይጠራል ብሎ ለሁለተኛ ቡድኑ ወሰደው። ክንዱ ተመለሰ።

* * *

በ1948 የትልቁ ሊግ ቡድን ክሊቭላንድ አስፈረመው። 6 ጨዋታ አሸንፎ 1 ተሸነፈ። ነሐሴ ላይ በአንድ ምሽት 78,382 ሰው ሊያየው ስታዲየም ገባ። በዚያው ዓመት በዓለም ሻምፒዮናው ላይ የወረወረ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ።

አንድ ዘዴ ነበረችው፦ የፊት እግሩን ካሳረፈ በኋላ ክንዱን ለቅጽበት ያዘገያል፤ ባለ ዱላው ቸኩሎ አየር ይመታል። የሊጉ ፕሬዚዳንት ይህቺን ከለከለ። ሰውየውን ከሃያ ዓመት በላይ ደጅ ያስጠና ሊግ ለአንድ ቅጽበት ትዕግሥት አጣ።

* * *

ዕድሜውን ሲጠይቁት የልደቱ ቀን የተጻፈበትን መጽሐፍ ቅዱስ ፍየል በላው ይል ነበር። በ1965 የካንሳስ ሲቲ አትሌቲክስ ባለቤት ፔጅን በ59 ዓመቱ አስፈረመውና የሚወዛወዝ ወንበር ላይ አስቀምጦ ነርስ አቆመለት። ለሳቅ ነው። ፔጅ ከወንበሩ ተነሣ፣ ከቦስተን ጋር ሦስት ዙር ወረወረ፣ አንድ ምት ብቻ ፈቀደ፣ ነጥብ ሳይቆጠርበት ወጣ።

* * *

በ1971 የኩፐርስታውን የቤዝቦል የክብር አዳራሽ ሲመርጠው መጀመሪያ የታሰበለት ለጥቁሮች ሊግ ተጫዋቾች የተለየ ቦታ ነበር። ሰው ሲቆጣ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቀለ። በ2024 ደግሞ የጥቁሮቹ ሊጎች ውጤት ወደ ዋናው መዝገብ ገባ፤ የፔጅ የትልቅ ሊግ ዘመን አሁን የሚቆጠረው ከ1927 ነው። እሱ የሞተው በ1982 ነው።